የቢቸናው ጊዮርጊስ በቡልጋሪያ ቁጥር

ቢቸና፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 1974 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለሰብለ ወንጌል፤ ባለሽበት በሰው አገር ብርዱ ይራራልሽ፣ ትምህርቱ ይግባሽ፣ የክፉ ሰው ዓይን ይለፍሽ። እኔ አክስትሽ ባንቺዓለም፣ ከጉልበቴ በቀር ሁሉ ነገሬ ደህና ነው።

ይህን የምጽፍልሽ በገዛ እጄ ነው። ፊደሌ ቢንጋደድ እንዳትስቂ፤ በአርባ ስምንት ዓመቴ ነው መሠረተ ትምህርት የገባሁት። ከእንግዲህ ምስጢሬን ለጸሐፊ አልናገርም። ጸሐፊ ባይኖር ኖሮ የዚህ አገር ወሬ በግማሽ ይቀንስ ነበር።

የሰፈሩን ብነግርሽ፣ ይርጋነሽ ባሏን አባርራ ነበር፣ መልሳ አስገባችው። ያባረረችበትን ሁላችንም እናውቃለን፤ ያስገባችበትን ግን አንድዬ ብቻ ነው የሚያውቀው። እናትሽ ታንጉት ሞጣ ደህና ናት፤ ፎቶግራፍሽን ላኪልኝ ትልሻለች፤ ቆመሽ የተነሣሽውን፣ መክሳትና አለመክሳትሽ እንዲታይ።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። አውሮፕላን የተሳፈርሽ ለት የተሳልኩትን ታስታውሻለሽ። «ጊዮርጊስ፣ ሦስት ዓመት ጠብቅልኝ፤ በሦስተኛው የሚያዝያ ንግሥህን ደጋሿ እኔ ነኝ» ብዬ ነበር። ጠበቀልኝ። ዘንድሮ ተራው የኔ ነው። ማሩን ከወዲሁ አስቀምጫለሁ፣ ጌሾውም ደርቋል።

አሁን ጉዱን ስሚ። አዲሱ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ጓድ ደምለው ነው፤ ያ «የቀለም ቀንድ» ሲሉት የነበረው ቀጭኑ ልጅ፤ እናቱ ጥጥ ስትፈትል የኔ ጎረቤት የነበረች። ስብሰባ ጠራንና ሚያዝያ 23 የዓለም ሠርቶ አደሮች ቀን ስለሆነ ሰልፉ ከጊዮርጊስ ቅጥር በታች ባለው ሜዳ ይደረጋል አለ። እሺ፣ ይደረግ። ከዚያ አስከተለና ንግሡ ወደ ሌላ ቀን ይዛወር አለ!

«ጓድ ባንቺዓለም፣ ጊዮርጊስ በየወሩ ሃያ ሦስት አለው አይደል? በግንቦት ያክብሩት» አለኝ።

«ደምለው ልጄ፣ የአባትህን ተዝካር በተመቸህ ወር ነው እንዴ ያወጣኸው?» አልኩት።

ሰው ሳቀ። እሱ አልሳቀም። ሳቁም አልጠቀመኝም፤ የሴቶች ማኅበር ሊቀ መንበር ነኝና በዚያ ቀን ሴቶቹን ከፊት ሆኜ እንድመራ ስሜ ተጽፏል። ቀኑ አንድ፣ ጥሪው ሁለት። ሰልፉን ብተው ምን እንደሚከተል አንቺም ታውቂያለሽ፣ አልጽፈውም። ስለቱን ብተው ደግሞ ማን ፊት እቆማለሁ? የሞጣ ሊቃነ መናብርትም «ቢቸና ምን እንደሚያደርግ እንይ» ብለው ጆሯቸውን ወደኛ አቁመዋል ትላለች እናትሽ።

አንቺ ያለሽው በሶሻሊስት አገር ነው። እዚያ ጊዮርጊስን ምን ያደርጉታል? ይከለክሉታል? ያዛውሩታል? በግልጽ፣ ሰው ፊት ሊነበብ እንዲችል አድርገሽ ጻፊልኝ። ገንዘብ አልልሽም፣ ጫማም አልልሽም፤ ይህን ብቻ።

የምትወድሽ አክስትሽ ባንቺዓለም

---

ፕሎቭዲቭ፣ የካቲት 25 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለክብርት አክስቴ ለወይዘሮ ባንቺዓለም፤ ጉልበትዎን ባለሁበት ሆኜ ስሜያለሁ። እግዚአብሔር ጤናዎን አይንሣብኝ። ዝም ያልኩት ፈተና ይዞኝ ነው እንጂ ረስቼዎት አይደለም። ፊደልዎ ከብዙ የክፍል ጓደኞቼ ይሻላል፤ እውነቴን ነው።

እትዬ፣ በዓልን ከጠየቁኝማ እዚህ የተማሪ ቤታችን ከዓመት እስከ ዓመት በዓል ነው። የኩባ ልጆች ዓመቱ ሲያልቅ «አሮጌው ይውጣ» ብለው በባልዲ ውኃ በመስኮት ይደፋሉ፤ ዘንድሮ በዘበኛው ራስ ላይ ደፍተውበት ሁለት ሳምንት ሙሉ በሩን ሲከፍትልን ቆይ እያለ አሰቃየን። የቪየትናሞቹ አዲስ ዓመት በጥር ነው፤ ሩዝ በቅጠል ጠቅልለው ሌሊቱን ሙሉ ይቀቅላሉ፤ ቀምሼዋለሁ፣ ቅጠሉን አብሬ በልቼ ተሳቀብኝ። ሞንጎሎቹ ደግሞ በራሳቸው አዲስ ዓመት ታናሽ የታላቁን ክንድ ከሥር ደግፎ ሰላም ይላል። እንደኛ አገር አክብሮት ያውቃሉ።

ቡልጋሮቹ ራሳቸው ከሦስት ቀን በፊት ቀይና ነጭ ክር የእጄ አንጓ ላይ አሰሩልኝ። ጸደይ ገባ ሲሉ ነው፤ የመጀመሪያውን አበባ ያዩ ለት ፈትተው ዛፍ ላይ ያንጠለጥሉታል። አይደንግጡ፣ ማተቤ ባንገቴ እንዳለ ነው።

ወደ ጥያቄዎ ልምጣ። ጊዮርጊስን እዚህ በጣም ይወዱታል፤ ጌርጊዮቭደን ይሉታል። ባለፈው ዓመት የክፍል ጓደኛዬ ገጠር ወስዶኝ ባባ ራዳ ቤት ሁለት ቀን ቆይቻለሁ። ባባ ራዳ እንግዳ ያከብራሉ፤ አልጋቸውን ለቀውልኝ ነበር። በጎቹ ባንገታቸው የአበባ ጉንጉን አጥልቀው ይነዳሉ፤ ልጃገረዶቹ ጤዛ ይታጠባሉ፣ ዥዋዥዌ ይጫወታሉ፤ ቤት ሁሉ ጠቦት ሙሉውን ይጠበሳል። የመንግሥት ሰዎችም መጥተው በልተዋል፤ ማንም ማንንም አልከለከለም። የሠርቶ አደሮቹ ቀን ደግሞ ለብቻው ነው፤ እንደኛው በሚያዝያ 23 ከተማው ቀይ በቀይ ሆኖ ሰልፍ ይወጣል። ጊዮርጊስ በነሱ የሚውለው ከዚያ በአምስተኛው ቀን፣ ማለት በኛ ሚያዝያ 28 ነው። ሁለቱም በየራሳቸው ይከበራሉ።

ይህን ያንብቡላቸው። የሚጠቅም ይመስለኛል። ፎቶግራፉ ለእማዬ ነው፤ የለበስኩት ካፖርት የውሰት መሆኑን አይንገሯት።

ልጅዎ ሰብለ ወንጌል

---

ቢቸና፣ መጋቢት 20 ቀን 1974 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሰብለ ወንጌል፤ ሰላምታዬ እንዳለ ነው፣ ቁጣዬም አብሮት አለ።

አስቀድሜ፦ ባባ ማነው? ባባ ራዳ ቤት ሁለት ቀን ቆየሁ፣ አልጋውን ለቀቀልኝ ብለሽ ጽፈሽ ደብዳቤውን ይርጋነሽ ፊት ነበር የማነበው። «ባባ? ባባማ ወንድ ነው» ብላ እጇን አፏ ላይ ጫነች። በማግሥቱ አገሩ በሙሉ ሰብለ ቡልጋሪያ አግብታለች አለ። ሞጣ ሳይቀር ደርሶ እናትሽ አንድ ቀን ሙሉ እህል አልቀመሰችም። «የክፍል ጓደኛዬ ወስዶኝ» ያልሽውንም አይቻለሁ። ወስዶኝ። እኔ ፊደል አሁን ብማርም ወንዱን ከሴቱ ለይቼ አነባለሁ።

ይህን ተይው። ትልቁን ስሚ።

ደብዳቤሽን እንደ ወንጌል ይዤ ስብሰባ ወጣሁ። ጉባኤው ሙሉ ነው። ደምለው «ከወንድም ሶሻሊስት አገር የመጣ ነው» ሲባል ራሱ ወንበር አቀረበልኝ። ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩ። ጠቦቱን፣ አበባውን፣ የመንግሥት ሰዎች መብላታቸውን ሳነብ ሰው «እሰይ!» አለ። እኔም ልቤ ሞቀ። ከዚያ እዚያች መስመር ላይ ደረስኩ፤ «በኛ ሚያዝያ 28 ነው»።

ደምለው ብድግ አለ። «ጓዶች! ሰማችሁ? የቡልጋሪያ ወንድም ሕዝብ የሠርቶ አደሮችን ቀን በሃያ ሦስት፣ ጊዮርጊስን በሃያ ስምንት ያከብራል! ከወንድም ሕዝብ ልምድ እንቀስማለን! ንግሡ በሃያ ስምንት ይሁን!»

ጭብጨባ። ጭብጨባ ሲጀመር ማን ያቆማል? እኔም ሳላውቀው አጨበጨብኩ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። በትሩን አቀብዬ ራሴ ተመታሁበት። ቃለ ጉባኤ ተያዘ፣ ማኅተም ተመታ።

ሳለቅስ መሪጌታ አካለ ወልድ መጡ፤ ቅኔ ያስተምሩ የነበሩት፣ ባሕረ ሐሳብ በጣታቸው አንጓ የሚቆጥሩት። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ። ከዚያ እንዲህ አሉ፦

«ባንቺዓለም፣ ጊዮርጊስ ሦስት ጊዜ ሞቶ ሦስት ጊዜ ተነሥቷል፤ አራተኛውና የመጨረሻው ሞቱ በሚያዝያ ሃያ ሦስት ነው። በሃያ ስምንት አምስተኛ ሞት ማን ጨመረለት? ልጅቱ የነገረችን ቀኑን በኛ ቁጥር ነው። እነሱ በየትኛው ቁጥር ነው የሚቆጥሩት? ይህን ጠይቃ ትላክ። አዲሱን የሚያነብ ተማሪ ሳይሆን አሮጌውን የሚያስታውስ ሽማግሌ ትጠይቅ።»

እንግዲህ ልጄ፣ ቀኑ አልቋል። በፖስታ አትላኪው፣ ሰው ፈልጊ። ያ ባባ ዕድሜው የገፋ ከሆነ እሱን ጠይቂው።

አክስትሽ

---

ፕሎቭዲቭ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለክብርት አክስቴ፤ እንደምን ሰነበቱ? ይህን ደብዳቤ ትምህርቱን ጨርሶ አገሩ በሚገባ ልጅ እጅ ሰጥቻለሁ፤ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ሰው ያደርስልዎታል።

እትዬ፣ በሳቅ ሞትኩ፣ ከዚያ አለቀስኩ። ባባ ማለት በነሱ ቋንቋ አያት ማለት ነው፤ ሴት አያት! ባባ ራዳ የሰባ አምስት ዓመት አሮጊት ናቸው፤ ጥርሳቸው ሁለት ነው፣ ሁለቱም አይገናኙም። እባክዎ ለእማዬ ዛሬውኑ ያስልኩላት። ለይርጋነሽ አይንገሯት፣ ራሷ ትድረስበት።

ቅዳሜ ዕለት ሄድኩላቸው። «ባባ፣ ጊዮርጊስን የድሮው ንጉሣችሁ ነው እንዴ ያዛወረው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ራሳቸውን ላይ ታች ነቀነቁ። አበቃልን አልኩ። ከዚያ ትዝ አለኝ፤ እዚህ አገር ራስ ላይ ታች ሲነቀነቅ «አይደለም» ማለት ነው! ሦስት ዓመት ኖሬ ዛሬም ያምታታኛል።

እንዲህ ብለው ነገሩኝ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳሉ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን፣ ንጉሣቸው የአውሮፓን ቁጥር አስገባ። በማርት ሠላሳ አንድ ተኝተው ሲነሡ አፕሪል አሥራ አራት ሆነ። አሥራ ሦስት ቀን ጠፋ። «ከዕድሜዬ ላይ ነው የሰረቁኝ» ይላሉ እስከ ዛሬ። ገበሬው ግን «የጠፋው ከወረቀት ላይ ነው፣ ከጊዮርጊስ ላይ አይደለም» አለ። በአሮጌው ቁጥራቸው የጊዮርጊስ ቀን አፕሪል ሃያ ሦስት ነበር። ያችው ቀን ዛሬ በአዲሱ ወረቀት ሜይ ስድስት ተብላ ትጻፋለች፤ ሕዝቡ አልተነቃነቀም። ንጉሡ ሄደ፣ ሌላ መንግሥት መጣ፣ ቀኗ እዚያው ናት። እኔ ሃያ ስምንት ያልኩት ያን ሜይ ስድስት ወደኛ ቀን ስመልሰው ነው። በነሱ አፍ ግን ሃያ ሦስት ናት።

በነሱ አሮጌ ቁጥርና በኛ መካከል ያለችውን አምስት ቀን መሪጌታ ያውቋታል፤ እኔ አላውቃትም። ፋሲካን ግን ዘንድሮ አንድ ቀን ነው የምንፈታው።

ደግሞ የባባ ራዳ የልጅ ልጅ አንድ ነገር ነገረኝ፤ ይጠቅማል ብዬ ጻፍኩት። ጊዮርጊስ የሚለው ስም በግሪክኛ «ገበሬ» ማለት ነው፤ መሬት የሚሠራ።

ስሜን ግን በስብሰባ ባይጠሩት ደስ ይለኛል። ሌላውን በአካል ስንገናኝ።

ልጅዎ ሰብለ ወንጌል

---

ቢቸና፣ ግንቦት 6 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለዓይኔ ማረፊያ ለሰብለ ወንጌል፤ እልልታዬ እስካለሽበት ይሰማሽ። የልጅ ልጅ የተባለው ሰው ምንሽ እንደሆነ አንቺ አልነገርሽኝም፣ እኔም አልጠየቅሁሽም። ለእናትሽ ባባ አሮጊት መሆኗን ልኬባታለሁ፤ በላች፣ ጠጣች።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ በሚያዝያ 16 ነው። ይህን ምላሽ ደግሞ ለፖስታ ቤት አልሰጠሁትም፤ አዲስ አበባ በሚሄድ ነጋዴ እጅ ነው። ለምን እንደሆነ መጨረሻው ላይ ትደርሺበታለሽ።

መሪጌታን ይዤ ደምለው ቤት ሄድኩ፤ ቀበሌ አይደለም፣ ቤቱ። ስብሰባ ላይ ሰው ሁለት ጆሮ ነው ያለው፣ አንዱም የራሱ አይደለም። እናቱ ያወረሰችው መደብ ላይ ተቀመጥንና ደብዳቤሽን አነበብኩለት። ሲያልቅ መሪጌታ ጣታቸውን ዘርግተው አምስቷን ቀን አስረዱት። እኔ እንኳን ግማሹን ነው የያዝኩት፤ ባጭሩ እነሱም በራሳቸው አሮጌ ቁጥር ሃያ ሦስት፣ እኛም በራሳችን አሮጌ ቁጥር ሃያ ሦስት ነው።

«እንግዲህ ከወንድም ሕዝብ ልምድ እንቅሰም ካልክ፣ ልምዱ ይህ ነው» አልኩት። «መንግሥት ወረቀቱን ቀየረ፣ ገበሬው ቀኑን ያዘ። ስሙስ ማን ነው? ገበሬ! በሠርቶ አደሮች ቀን ገበሬውን ከሜዳው ልታስነሣው ነው?»

መሪጌታ ጣልቃ ገቡ። «የኛ መጻሕፍት ጊዮርጊስን ኮከብ ነው የሚሉት።»

«ኮከብስ ቢሆን» አልኩ፣ «ባንዲራችሁ ላይ አለ አይደል?»

ደምለው መጀመሪያ ፈገግ አለ፣ ከዚያ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ድምፁ ሁሉ ተለወጠ። «እትዬ ባንቺ» አለኝ፤ ጓድ ቀረ! «እኔ ጊዮርጊስን ጠልቼ መሰለዎት? በዚያው ደብር ነው ክርስትና የተነሣሁት። ከደብረ ማርቆስ እንግዳ ይመጣል። ባለፈው ዓመት የነበረው ሊቀ መንበር ሜዳው ባዶ ሆኖበት የት እንደሄደ ያውቃሉ። ሰዉ ንግሥ ገብቶ እኔ ለብቻዬ መፈክር ይዤ ልቁም?»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ለካ ያስፈራው ቀኑ አይደለም፣ ባዶ ሜዳ ነው።

«የቸገረህ ሰው ነው?» አልኩት።

«ሰው ነዋ!»

«ሰውማ ጊዮርጊስ ያመጣልሃል፤ ከሱ በቀር ማን ያመጣልሃል? ሰልፍህን በሦስት ሰዓት አድርግ። ታቦቱ የሚወጣው ቅዳሴ አልቆ በአምስት ሰዓት ነው። አገሬው ንግሡን ብሎ ከንጋቱ ይመጣል፤ እስኪወጣ የት ይቆማል? ሜዳው ላይ። አንተን ዓይኑ እያየ ይቆምልሃል። ሴቶቹን እኔ እመራለሁ፣ ካለቀ በኋላ ዳሴ ውስጥ እገባለሁ።»

ተነሣ። ከዚያ ቃለ ጉባኤውን ከሣጥን አወጣና ሃያ ስምንት የምትለውን ሰርዞ ከጎኗ «የቁጥር ስሕተት» ብሎ ፈረመባት።

ልጄ፣ ቀኑን ባየሽው! ከሮብ ገበያ ድረስ ሰው መጣ። ከአምበር በበቅሎ የመጡ ባልቴቶች አሉ። ሞጣዎችም ወሬውን ሰምተው የራሳቸውን ሳያዛውሩ ቀሩ፤ እናትሽ ስትልክብኝ «ቢቸና አኮራን» ብላለች፤ ሞጣ ቢቸናን ሲያመሰግን በዕድሜዬ የመጀመሪያ ነው። እኔ ከፊት ሆኜ ቀይ ባንዲራ ይዤ ሴቶቹን አስከትዬ ወጣሁ። ነጠላዬን እንደ ንግሥ አጣፍቼ ነበር፤ ማንም ቀና ብሎ ያረመኝ የለም።

እንግዳው ግን መንገድ ላይ ላንድሮቨራቸው ተበላሽቶ ሦስት ሰዓት አለፈ፣ አራት አለፈ። ደምለው ንግግሩን ሁለት ጊዜ ደገመው። ሦስተኛ ሊጀምር ሲል፣ ልክ አምስት ሰዓት ሲሆን፣ መኪናው ብቅ አለ። እንግዳው ወረዱ፣ ሜዳውን አዩ፣ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። መሬት አይታይም፣ ሰው ብቻ ነው።

በዚያችው ቅጽበት ከቅጥሩ ውስጥ ከበሮው ጎላ፣ እልልታው ተለቀቀ። ታቦቱ መውጣቱ ነው። ሜዳው በሙሉ ፊቱን አዙሮ እልል አለ።

«ይህ ምንድን ነው?» አሉ እንግዳው።

ደምለው ወደኔ ዞረ። እኔ ብድግ አልኩና «የገበሬው ነው፣ ጓድ» አልኳቸው።

ምኑን ዋሸሁ? ስሙ ገበሬ አይደል?

«ገበሬው እንዲህ ነቅቷል!» ብለው ማስታወሻቸው ላይ ጻፉት። ከዚያ ዳሴ ገቡ። ጠቦቱን በሉ፣ ሦስት ብርሌ ጠጅ ጠጡ፣ «የማን ድግስ ነው?» ሲሉ ሴቶቹ ባንድ አፍ «የሴቶች ሊቀ መንበራችን!» አሉ። ስለቴ ደረሰ። ስገድ ስገድ አለኝና ዳሱ ጀርባ ሄጄ መሬት ሳምኩ።

ትናንት ደምለው ቤቴ መጣ። ፊቱ ሁሉ ጥርስ ሆኗል፤ ከደብረ ማርቆስ ምስጋና ተጽፎለታል፣ ከአውራጃው አንደኛ ነህ ተብሏል። መሪጌታም ቁጭ ብለው ነበር። ሁለተኛውን ብርሌ እንደያዘ ወደሳቸው ጠጋ አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«መሪጌታ፣ የአብዮቱ በዓል መስከረም ሁለት ነው። በዚያ ቀንስ የሚነግሥ አይጠፋም?»

መሪጌታ ጢማቸውን ዳሰሱ። «አይጠፋም። መጥምቁ ዮሐንስ አለ።»

«ይኸውላችሁ!» ብሎ ጉልበቱን መታ። «ምን የሆነበት ቀን ነው?»

«እውነት ተናግሮ፣ ገዢው አንገቱን ያስቆረጠበት።»

ደምለው እጁ ሳያውቀው ወደ ኮሌታው ሄደ። በሩን አየ፣ መስኮቱን አየ፣ እኔን አየ። ብርሌውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

«እሱን እንኳ» አለ፣ «በየልባችን እናክብረው።»

አክስትሽ ባንቺዓለም